የአሜሪካ እርሻዎች የአደጋ ማካካሻ፦ የተቀባዩ ስም ለሕዝብ ይገለጥ ወይስ አይገለጥ?

የክርክሩ ጥያቄ

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ለጎዳቸው እርሻዎች የሚከፍለውን ገንዘብ ማን ምን ያህል እንደወሰደ በስም እየዘረዘረ ሊያወጣ ይገባል? ኮንግረስ በዲሴምበር 2024 ባጸደቀው ሕግ ብቻ በ2023 እና በ2024 ለደረሱ የተፈጥሮ አደጋዎች 21 ቢሊዮን ዶላር ያህል ስለመደበ፣ እዚህ አገር ግብር የምንከፍለውን ሁሉ ይመለከተናል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳብ መርማሪዋ፣ ሜሪላንድ

ይገባል እላለሁ። በ2002 እና በ2003 ድርቅ ለጎዳቸው ከብት አርቢዎች ተብሎ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በ2006 ጉዳዩን ሲመረምር፣ ከገንዘቡ ከግማሽ የሚበልጠው የሄደው ድርቁ መጠነኛ ወደነበረባቸው ወይም ጨርሶ ወዳልነበረባቸው አካባቢዎች ሆኖ ተገኘ። በቴክሳስ አንዳንድ አርቢዎች ለክፍያው የበቁት ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ስትበታተን ስብርባሪዋ በአካባቢያቸው በመውደቁ፣ ቦታው የአደጋ ቀጠና ተብሎ ስለታወጀ ነው። (ላሞቹ ስብርባሪውን አይተው ወተት ቀንሰው እንደሆነ አላውቅም።) የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤትም ከ1999 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት 1.1 ቢሊዮን ዶላር በሟቾች ስም መከፈሉን በ2007 ገልጧል።

የእህል ጫኙ፣ ካንሳስ

እኔ አይገባም ባይ ነኝ፤ እህቴ፣ የመጨረሻው ምሳሌሽም የሚደግፈው እኔን ነው። ኦዲተሮቹ ሟቾቹን ያገኙት የክፍያውን መዝገብ ከማኅበራዊ ዋስትና የሟቾች መዝገብ ጋር አነጻጽረው ነው እንጂ ስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ስለወጣ አይደለም። ከዚያም ሁሉ ገንዘብ ማጭበርበር አልነበረም፤ ደንቡ የሟች ውርስ እስኪጣራ እስከ ሁለት ዓመት ክፍያ መቀበልን ይፈቅዳል። እኔ ለዓመታት ከእርሻ ወደ ጎተራ እህል ሳመላልስ ያየሁትን ልናገር። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ የአንድ ገበሬ ስም ከመቶ ሺህ ዶላር ጋር ሲወጣ፣ ጎረቤቱ የቼኩን መጠን ያያል እንጂ የዘሩን፣ የማዳበሪያውንና የኮምባይነሩን ዕዳ አያይም።

የወሎ ልጅ፣ ሚኒሶታ

በእኛ አገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ የተመረጡት ቤተሰቦች ዝርዝር በአደባባይ እንዲለጠፍና ቅር የተሰኘ ሰው ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት መመሪያው ያዝዛል። ጥማድ በሬ የሌለው ድሃ ስሙ በቀበሌው ግድግዳ ላይ እንዲነበብ ከተደረገ፣ በሺህ ሄክታር የሚያርስ ባለሀብት የሚያፍርበት ምክንያት አይገባኝም።

ሒሳብ መርማሪዋ፣ ሜሪላንድ

ስለ ሟቾቹ ወንድማችን ያለውን እቀበላለሁ። ነገር ግን የስም ጉዳይ በአብዛኛው ያለቀ ነው፤ በ1996 የፌዴራል ፍርድ ቤት የጥጥ ድጎማ ተቀባዮች ስም እንዲገለጥ ወስኗል፣ የ2008ቱ የግብርና ሕግም የክፍያ መረጃን ክፍት ትቶታል። ዛሬ የተሸሸገው የሰብል ኢንሹራንሱ ነው። ከአረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው ዋጋ፣ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ድጎማ ጣሪያ የለውም፤ ተቀባዩን በስም መግለጥ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ያው ድርቅ ያደረሰውን ጉዳት በቀጥታ ክፍያ የተካሰው ገበሬ ስሙ ይወጣል፣ በኢንሹራንስ የተካሰው አይወጣም።

የእህል ጫኙ፣ ካንሳስ

ይህስ አድልዎ ነው፣ አልከራከርም። እንግዲያው ሁሉም ይውጣ፤ ግን ከገንዘቡ ጎን የጠፋው ምርትና የተጎዳው መሬት ስፋትም አብሮ ይጻፍ፣ ያኔ ጎረቤት በትክክል ይፈርዳል።

ሒሳብ መርማሪዋ፣ ሜሪላንድ

እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ሆኖም ያው የ2008ቱ ሕግ ገበሬው ስለ መሬቱና ስለ እርሻ ሥራው ለሚኒስቴሩ የሰጠውን መረጃ ማውጣት ይከለክላል። ገንዘቡን እንድናይ ፈቅዶ፣ ለምን እንደተከፈለ የምናረጋግጥበትን ዘግቶብናል፤ አንተ ለገበሬው ክብር የጠየቅኸውን የዘጋው የገበሬውን ምስጢር ለመጠበቅ የገባው አንቀጽ ነው።