ደረቴ ላይ ታቅፌያት ኪሎዋ ቀነሰ፤ ምን ላድርግ?

እናቶች፣ እስቲ ምከሩኝ። ልጄ በ35 ሳምንት 2.1 ኪሎ ሆና ተወለደች። በ6ኛ ቀኗ ስትመዘን 1.92 ኪሎ! ነርሷ «እስከ 10 በመቶ መቀነስ ያለ ነው፣ ትመልሰዋለች» ብላ ሸኘችኝ። እኔን ግን ያ ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ።

ቀንም ሌሊትም ደረቴ ላይ ነች። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጌላት በነጠላ አስሬያታለሁ። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ይሰማኛል። ችግሩ ጡት ሁለት ሦስቴ ሳብ አድርጋ እንቅልፍ ይወስዳታል። እግሯን ብኮረኩራትም ወይ ፍንክች። አማቴ ደግሞ «ልጅቷን አፈንሻት፣ ጠቅልለሽ አስተኚያት» እያሉ ይነዘንዙኛል። ለቡና ጎረቤቶቻቸው ሳይቀር ነግረዋል!

ሽንቷ በቀን አምስት ስድስቴ ነው። ጡቴን አልቤ በኩባያ ልስጣት? በየስንት ሰዓቱ ልቀስቅሳት? የእናንተስ ልጆች በስንተኛው ቀን የልደት ኪሏቸውን መለሱ? ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ ልጠብቅ ወይስ ነገውኑ ልውሰዳት?