ቅጠሉ ደን፣ ፍሬው ከታች ጥቁር፤ ቲማቲሜን ምን ነካው?

ደብተር ያዥ

ጤና ይስጥልኝ፣ ጓሮ ያላችሁ ሁሉ። መጀመሪያ የበጋውን ምርት ላስመዝግብ፤ ጭንቀቴ ይከተላል። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጓሮ የሚገባ ነገር በወጥ ቤት ሚዛን ሳይመዘን መክተፊያ ላይ አይወጣም። ባለቤቴ «አትክልት እያበቀልክ ነው ወይስ ኦዲት እያደረግክ?» ትለኛለች። እስከ ትናንት ማታ ደብተሩ የሚለው ይህን ነው፦ ከሁለት ዝኩኒ 14 ኪሎ ከ200 ግራም፣ ከአንድ መስመር ፎሶሊያ 3 ኪሎ ከ400፣ ከአራት ኪያር 6 ኪሎ ግድም። የኪያሩ «ግድም» የመጣው ልጄ አንዱን ሳይመዘን ስለበላብኝ ነው።

ቲማቲም ላይ ስንደርስ ደብተሩ ያሳፍራል። ስድስት ተክል አለኝ። ቁመታቸው እኔን አልፏል፤ ግንዳቸው እንደ አውራ ጣት ወፍሯል፤ ቅጠላቸው ከማማሩ የተነሳ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። እስካሁን የለቀምኩት ግን 31 ፍሬ ብቻ ነው። ከእነሱም 19ኙ ከታች ጠቁረዋል። የጠቆረው ከግንዱ ጋር በሚያያዝበት በኩል አይደለም፤ በተቃራኒው፣ አበባው በረገፈበት ጫፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ የሚመስል የጥፍር ያህል ነጠብጣብ ይወጣል። በሳምንቱ ሰፍቶ ይጠቁራል፤ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፤ ሲነኩት እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ደረቅ ነው። የላይኛው ግማሽ ምንም ያልሆነ፣ ቀይና ጤነኛ። ትናንት ደግሞ ከውጭ እንከን ያልነበረበትን አንዱን ለሁለት ስከፍለው ሆዱ ውስጥ ጠቁሮ አገኘሁት። ይህ እንኳን በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ አላወቅኩም።

ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልናገር። ናይትሮጅን የሚበዛበትን ማዳበሪያ በየሳምንቱ ሰጥቻለሁ፤ ቅጠሉ ባማረ ቁጥር እጄ ይፈታ ነበር። የካልሲየም እጥረት ነው ሲባል ሰምቼ የ40 እንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ሥራቸው ላይ ቀብሬአለሁ። ውሃም አልነፈግኩም፤ በሥራ ቀናት ጊዜ ስለማይኖረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ መደቡ ኩሬ እስኪመስል አጠጣለሁ፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቅጠሉ ጠውልጎ ካየሁ እደግማለሁ።

በሽታ ከሆነ ወደ ቃሪያው ሳይሻገር ልንቀላቸው? ፍርዱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

የጠዋት ጤዛ

እንዳትነቅል! እኔም ገጥሞኝ ያውቃል። በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም ነው። የእንቁላል ቅርፊቱ አንሶ ይሆናልና ጨምርበት። የእኔ በጋ ከሞላ ጎደል ደህና ነው፤ ኪያሩ ብቻ ከወሩ አጋማሽ ወዲህ መራራ ሆኖ አስቸግሮኛል።

አሮጌ መኮትኮቻ

ደብተር ያዥ፣ ልጄ፣ ጽሑፍህን አንብቤ ሳቅኩ፤ ከዚያም ራሴን አስታወስኩ። ዕድሜዬ ስለገፋ ሰው ሁሉ «አንቱ» ይለኛል እንጂ ከአርባ ዓመት በፊት እኔም እንዳንተው መደብ ሙሉ ጥቁር ቲማቲም ለቅሜአለሁ።

የጠዋት ጤዛ በሽታ አለመሆኑን በትክክል ተናግራለች። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው አይሻገርም። ካልሲየምም አለበት። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ካልሲየም አያጣም፤ የሚጎድለው የሚያደርሰው ነው። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ ብቻውን አይሄድም። ውሃው ላይ ተሳፍሮ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። ውሃውን ደግሞ የሚስበው ፀሐይ ሲመታው ብዙ የሚያተነው ቅጠል ነው። ፍሬው ቆዳው የተደፈነ ስለሆነ እምብዛም አያተንም፤ ስለዚህ ድርሻው ትንሽ ነው። ከፍሬውም ውስጥ ከመግቢያው እጅግ የራቀው ያ የሚጠቁረው ጫፍ ነው። አንዴ ቅጠል ውስጥ የገባ ካልሲየም ደግሞ ተመልሶ ወደ ፍሬ አይሄድም።

አሁን ያንተን ጓሮ ተመልከት። ቅዳሜ ኩሬ፣ ሐሙስ በረሃ። በደረቀው ቀን ሥሩ ምንም አያደርስም፤ ትንሿ ፍሬ ግን በዚያው ቀን እየተነፋች ነው። በዚህ ላይ በማዳበሪያህ የቅጠሉን ብዛት ጨመርክ፤ የመጣችውን ሁሉ ቀድሞ የሚጨልጥ አፍ አበዛህ ማለት ነው። ቅጠሉ ያማረው ከፍሬው ነጥቆ ነው።

የእንቁላል ቅርፊቱን አትድገመው። አፈር ውስጥ የሚበሰብሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ የዘንድሮው ላይ አይደርስም። ለሚመጡት ዓመታት እንደ ቁጠባ ይቆጠርልህ።

ማዳበሪያውን ዛሬውኑ አቁም። ውሃውን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከፋፍለህ በጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን፣ ቀስ እያልክ አጠጣ። ቁጥር ስለምትወድ፦ በሳምንት በድምሩ በካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ወይም አፈሩ አሸዋማ ሲሆን ይጨመራል። ከቁጥሩ በላይ ግን ጣትህን እመን። ሌባ ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተታት፤ እርጥበት ካገኘህ ተመለስ፣ ደረቅ ከሆነ አጠጣ። ከዚያ መደቡን ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር በሚወፍር የደረቀ ገለባ ወይም ሣር ጉዝጓዝ ሸፍነው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ጥቂት ክፍተት ተው፣ ታፍኖ እንዳይበሰብስ። ሥሩ አካባቢ በጥልቀት አትኮትኩት፤ ስሜን አይተህ አትሳሳት፣ ላይ ላዩን የሚሄዱትን ቀጫጭን ሥሮች ትቆርጥበታለህ።

የጠቆሩትን ልቀማቸው፣ አይድኑም። ያልሻገተ ከሆነ ጥቁሩን ቆርጠህ የቀረውን መብላት ትችላለህ። ቃሪያህንም ዝኩኒህንም ይኸው ችግር ሊያገኛቸው ይችላል፤ ግን ከቲማቲሙ ተጋብቶባቸው አይደለም፣ የሁሉም አጠጪ አንተ ስለሆንክ ነው።

የጠዋት ጤዛ፣ ልጄ፣ የኪያርሽም ምሬት ከዚሁ አይርቅም። ኪያር ሲጠማና ሙቀት ሲያስጨንቀው ይመራል። ምሬቱ የሚበዛው በግንዱ በኩል ባለው ጫፍና ከልጣጩ ሥር ነው፤ ያንን አንስተሽ ቅመሺው። መላው ፍሬ እጅግ ከመረረ ግን ታግለሽ አትብዪው፣ ጣዪው።

ባለ አምስት ማሰሮ

እማማ መኮትኮቻ ያሉትን አንድም አልጨምርበትም፤ ለእንደኔ ዓይነቱ፣ በረንዳ ላይ በማሰሮ ለሚተክል ሰው ብቻ አንድ ቃል። የማሰሮ አፈር ጥቂት ስለሆነ በሞቃት ቀን ጠዋት አጠጥቼ ማታ ደርቆ አገኘዋለሁ። ሦስቱ ማሰሮዎቼ ትንንሽ ነበሩ፤ ከእነሱ ያተረፍኩት ጥቁር ቲማቲም ነው። 20 ሊትር አፈር በሚይዙት በሁለቱ ግን አልታየም። አንደኛው ላይ ያለው እንደ ወይን ፍሬ ትንንሽ የሚያፈራው ዓይነት ነው፤ እሱን ይህ ችግር ብዙም አይነካውም። ረዘም ያሉት፣ ለድልህ የሚፈለጉት ናቸው ቶሎ የሚጠቁሩት።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ደብተር ያዥ 14 ኪሎ ዝኩኒ ማለትህን አንብቤ ቅናት ያዘኝ። የእኔ ዝኩኒ ፍሬ ይይዛል፣ ጣት ሲያክል ከጫፉ ቢጫ ይሆንና ለስልሶ ይወድቃል። ውሃውን በጣቴ እየለካሁ ነው የማጠጣው። በረንዳዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንብ አይቼ አላውቅም።

ደብተር ያዥ

እህቴ፣ በመጨረሻ እኔም የማውቀው ጥያቄ መጣ! ራስሽ መልሰሽዋል፦ ንብ የለም። ዝኩኒ ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ ነው፤ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ካልመጣ ያቺ ትንሽ ፍሬ ጣት አክላ ትቀራለች። እኔም በዝናቡ ሳምንት ንብ ጠፍቶብኝ በእጄ ሠርቼዋለሁ።

ጠዋት በጊዜ ውጪ። አበባዎቹ የሚከፈቱት ለአንድ ጠዋት ነው፤ ረፋዱ ላይ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይጠቀለላሉ። ቢጫ ቢጫውን ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስልሽ ከጀርባው እዪ። ሴቴዋ ከአበባው ሥር ትንሽ፣ ትንሿን ጣትሽን የምታክል ዝኩኒ አዝላለች። ወንዴው ረጅምና ቀጭን ዘንግ ላይ ባዶውን ቆሟል። ወንዴውን ቁረጪና ቅጠሎቹን ግፈፊ፤ መሃል ላይ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ጣት መሰል ነገር ይቀርልሻል። በእሱ የሴቴዋን መሃል በቀስታ ዙሪያውን ዳብሺ። ዱቄቱ ተላልፎ ስታዪው ይታወቅሻል፤ እርጥቡ ላይ ይጣበቃል። አንድ ወንዴ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል። በሁለተኛ ሦስተኛ ቀኗ ፍሬዋ መወፈር ትጀምራለች።

መጀመሪያ ሰሞን ወንዴ ብቻ ቢያብብብሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ እነሱ ይቀድማሉ። ሲደርስም 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጪው። እኔ አንዱን ከቅጠል ሥር ረስቼው 2 ኪሎ ከ100 ሆኖ አገኘሁት፤ ሚዛኑ ላይ ሲያዩት ያኮራል፣ ሲበሉት ግን ሰፍነግ ነው። እሱ ተክሉ ላይ እስካለ ድረስም አዲስ ፍሬ መያዙ ቀዝቅዞ ነበር።

እማማ፣ ለእርስዎ መልስ አጥቼ ነው የዝኩኒውን ያስረዘምኩት። «ቅጠሉ ያማረው ከፍሬው ነጥቆ ነው» ያሉትን ባለቤቴ ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ማዳበሪያው ዕቃ ቤት ገብቷል።

የጠዋት ጤዛ

የእንቁላል ቅርፊቱን ምክሬን አንስቻለሁ፤ ስለ ኪያሩም አመሰግናለሁ እማማ። ለካሳ ያህል ይኸው፦ ቲማቲሙ እስኪቀላ ተክሉ ላይ ጠብቃችሁ ወፍና ስንጥቅ የሚቀድማችሁ ከሆነ፣ ጫፉ ሮዝ ማለት ሲጀምር ቀጥፋችሁ ቤት ውስጥ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። መቅላቱን ይቀጥላል። በተለይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ቀዩ ቀለም በደንብ ስለማይሠራ ውጭ ብርቱካንማ ሆኖ የሚቀረው፣ ቤት ውስጥ የተሻለ ይቀላል። ያልበሰለውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ መዓዛውም ጣዕሙም ይጠፋል።

ደብተር ያዥ

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ ደብተሬን ይዤ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ8 ፍሬ 5ቱ ጥቁር። ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው እነዚህ ገና ከዘመነ ኩሬ የተረፉ ናቸው። በሁለተኛው ከ9 ፍሬ 3። በሦስተኛው ከ11 ፍሬ 1። በዚህ ሳምንት 14 ለቅሜ አንድም የለም። አራት ጊዜ ቆጠርኩ።

በጣም የከበደኝ ውሃው አልነበረም፤ አለመነካካቱ ነው። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ገለባውን ገለጥ አድርጌ ጣቴን እሰዳለሁ፤ እርጥብ ይሆናል። እጄ ግን ባልዲውን ይፈልጋል። አንድ ቀን ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ጥፍሬን አይታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ቲማቲም እየለካሁ ነው ብዬ መለስኩ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

አሁን ካሉት ሁሉ ያማረውን አንዱን ለዘር አስቀርቼዋለሁ። ችግኙን ያበቀልኩበት የዘር ፓኬት ጠፍቶብኛል። ሁሉን የሚመዘግብ ሰው ያንን አላስቀመጠም። ዘሩን እንዴት ላውጣው?

አሮጌ መኮትኮቻ

ፓኬቱ ላይ ድቅል የሚል ተጽፎ ከነበረ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። አሁን ማወቂያ ስለሌለህ ሁሉንም በእሱ ላይ አትጣል፤ ሁለት ሦስቱን ለሙከራ ዝራ፣ ለቀሪው አዲስ ዘር ግዛ።

ፍሬው በጣም እስኪበስል ጠብቅና ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጭመቀው። ጥቂት ውሃ ጨምርበትና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተወው። ይሸታል፣ ላዩ ላይም ስስ ሻጋታ ያበጃል፤ አትደንግጥ፣ ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ የሚለቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ በላይ አታቆየው፣ እዚያው መብቀል ይጀምራል። ውሃ ሞልተህ ስታማስለው ደህናው ዘር ይዘቅጣል፣ የተንሳፈፈውን ድፋው። አጥበህ ሳህን ላይ አስጣው፤ ወረቀት ላይ ካሰጣኸው ተጣብቆ አይለቅህም።

ብርጭቆው ላይም «አይጠጣ» ብለህ ጻፍበት። ጽሕፈት እንደሆነ ለአንተ አይከብድህም።