የኋላው ጎማ ወደ ጎን ይሸሽብኛል፤ ፍሬሙን የቱ ጋ ላጠንክረው?

ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የትራክ (በክብ መም ላይ የሚካሄድ) ውድድር ሳይክል እየሠራሁ ነው። መነሻዬ የብሪታንያ ቡድን በቶኪዮ ኦሊምፒክ የነዳው ሳይክል ነው። የፊት ሹካውና ከኮርቻው ሥር የሚወርዱት ቱቦዎች በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ከጋላቢው እግር ጋር በአንድ መስመር ስለሚውሉ ነፋሱ ብዙም አይረበሽም። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

የእነሱ ካርቦን ነው። እኔ ያለኝ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦና አንድ ጎበዝ በያጅ ነው። የፊቱ ምንም አላለም። የኋላዎቹ ግን ከኮርቻው ሥር ወደ ጎን ወጥተው ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር ወደሆነው አክስል (የጎማው መሀል ዘንግ) ጠበው ይወርዳሉ። ተነስቼ በኃይል ስረግጥ ጎማው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ሰንሰለቱም ይወልቃል። የሰንሰለቱ ውጥረት ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ።

ሁሉንም የኋላ ቱቦ በ2 ሚሊ ሜትር ቀየርኩት። ጠነከረ፤ ክብደቱ ግን ከ10 ኪሎ አለፈ። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ኅብረት ዝቅተኛ ልክ 6.8 ኪሎ ነው፤ እዚያ ባልደርስም ከ9 ማለፍ አልፈልግም። መሀል ላይ አግዳሚ ብበይድ ደግሞ ነፋሱን ይይዘዋል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

አንዱን ብቻ ማወፈር ካለብኝ፣ ከፔዳሉ ወደ አክስሉ የሚሄዱትን የታች ቱቦዎች ይሻላል ወይስ ከኮርቻው የሚወርዱትን?