ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ላቫጆ ልከፍት ነው፤ ማሽኑ አለ፣ ሌላው ምን ይቅደም?

የበሬሳው ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እስካሁን የሰው ባጃጅ እየነዳሁ ነበር፤ ባለቤቱ ሊሸጠው ስለሆነ ወደ ራሴ ሥራ ለመግባት ወስኛለሁ። እህቴ ከሪያድ ለዕረፍት ስትመጣ የግፊት ማጠቢያ ማሽን ይዛልኝ መጥታለች። ካርቶኑ ላይ ግፊቱ 140 ባር፣ በደቂቃ 7 ሊትር ይላል። የጎረቤት ቪትዝ አጥቤበት ጭቃውን ጥርግ አድርጎ ነው ያወረደው።

ቦታም አይቻለሁ። ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ ጎን ያለ ባዶ ግቢ ነው። ፊት ለፊቱ አይሱዙና ሚኒባስ ሲቆም ይውላል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። ቧንቧ አለው፣ ውሃው ግን በየሦስት ቀኑ ነው የሚመጣው። መብራቱ የቤት ቆጣሪ ነው። እጄ ላይ 280 ሺህ ብር አለ፤ እቁቤም ከፋሲካ በፊት ይወጣልኛል ብዬ እጠብቃለሁ።

በዚህ ማሽን መጀመር ይቻላል ወይ? ውሃስ ምን ያህል ያስፈልገኛል? ጓደኛዬ ደግሞ "ኪራይ ምን ያደርግልሃል፣ የቤንዚን ማሽን ገዝተን ወንዝ ዳር እንጠብ" እያለ ልቤን ሊከፍለው ነው። የሠራችሁበት ሰዎች እስቲ በሉኝ።

ቁጭ በሉ

አንዱ ላቫጆ ሲከፍት ያየ ሁሉ ላቫጆ ይከፍታል። አንተ ከጎናቸው ቁርጥ ቤት ክፈት። መኪናው እስኪታጠብ ሰውዬው ምን ይሥራ?

ጋሽ ፖምፓ

የቁርጥ ቤቱን ምክር ተወው፣ ሥጋውስ በስንት ሊገዛ ነው። እኔ ቃሊቲ ላይ ላቫጆ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ አሁን ልጆቼ ይዘውታል። ጥያቄህን ከማሽኑ ጀመርክ፤ እዚህ ቤት የሚጠይቅ ሁሉ ከማሽኑ ነው የሚጀምረው። ላቫጆ ማለት ግን ውሃ ነው፤ የሚገባ ውሃና የሚወጣ ውሃ። ማሽን ቢበላሽ ተለምነህም ተውሰህም ትሠራለህ። ውሃ ከሌለ በሩን ዘግተህ ኪራይ ትቆጥራለህ።

የሚገባውን እናስላው። በ7 ሊትር ማሽን አንዲት ቪትዝ ስታጥብ፣ ሽጉጡ (የውሃ መርጫው) የሚከፈትበት ጊዜ ተደማምሮ 12 ደቂቃ ቢሆን 84 ሊትር ነው። የሳሙናውን ባልዲ ጨምርበት፣ 100 ሊትር በለው። ጭቃ የያዘ አይሱዙ ከነሻንሲው 300 ሊትር ይፈጃል። በቀን አሥር ትንንሽ መኪናና አራት አይሱዙ ካገኘህ 2200 ሊትር ሆነ። ውሃ በየሦስት ቀኑ ከሆነ ደግሞ 6600 ሊትር መያዝ አለብህ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ 5000 ሊትር ሮቶ አይበቃህም፤ ቦቴ ልትጠራ ነው፣ የቦቴ ውሃ ገዝቶ ያተረፈ ላቫጆ ደግሞ እኔ አላየሁም። የውሃ ታሪፉም ለንግድ ሲሆን እንደ መኖሪያ ቤት አይደለም፤ አስቀድመህ ጠይቅ።

ሮቶውን መሬት ላይ አታስቀምጥ። ብረት አስበይደህ ከፓምፑ ከፍ አድርገው፣ ውሃው ራሱ ወርዶ ይግባለት። እናንተ ጋ ከፍታው ወደ 2800 ሜትር ነው። አየሩ ሳስቷል፤ ከታች ውሃ የሚስብ ፓምፕ ቆላ ላይ በወረቀት 10 ሜትር የሚባልለት፣ እዚያ 7 ሜትር ገደማ ነው የሚሆንለት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ። ውሃ ሲያጥረው ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል፣ ውስጡም ይበላል። ያንን ድምፅ ስትሰማ ወዲያው አጥፋው።

ለጓደኛህም ይኸው ከፍታ መልስ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከሩብ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ባር አታገኘውም። የወንዙን ነገር ደግሞ ባታነሳው ደስ ይለኛል። ዘይትና ግራሶ አንተ ከላይ ትለቃለህ፣ ከታች ከብት ይጠጣል፣ እናቶች ልብስ ያጥባሉ። ደንብ አስከባሪ ባይመጣ እንኳ የሰፈሩ ሰው አያስቀምጥህም።

አሁን የሚወጣው ውሃ። ከግቢህ ወጥቶ አስፋልት ላይ የሚፈስ ከሆነ ሥራህ ብዙ አይቆይም። ጎረቤት መጀመሪያ በወግ ይነግርሃል፣ ቀጥሎ ወረዳ ይዞብህ ይመጣል። ወለሉን በኮንክሪት ወደ አንድ ጥግ ተዳፋት አድርገህ አሠራ፣ እዚያ ጥግ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓድ ይኑር። በመጀመሪያው ክፍል አሸዋና ጭቃው ይዘቅጣል። ሁለተኛው ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ቱቦ በክርን ወደ ታች የታጠፈ መሆን አለበት፣ አለዚያ ተንሳፋፊው ዘይት አብሮ ያልፋል። ሦስተኛው የተጣራውን ያወጣል። ይህን ለግንበኛው ቆመህ አሠራው፤ ብዙዎቹ ቱቦውን ቀጥ አድርገው ይቀብሩትና ጉድጓዱ ለይስሙላ ይሆናል። ጭቃውን በየጊዜው ማስወጣት ትፈልጋለህ። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅም እንጂ መልሰህ አታፍስሰው።

ማሽንህ ለባጃጅና ለቪትዝ ይሆናል፣ እያሳረፍከው። ለአይሱዙ ግን 200 ባር፣ በደቂቃ 15 ሊትር የሚገፋ ትፈልጋለህ። ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግ ለማወቅ ባሩን በሊትሩ አባዝተህ ለ600 አካፍል፤ 5 ኪሎዋት ይመጣል። የሚባክነውን ስትጨምር ከ6 ኪሎዋት በላይ ነው፣ ያ ደግሞ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ይላል። በቤት ቆጣሪ አይሞከርም። ስለዚህ ለአከራዩ አንድ ብር ከመክፈልህ በፊት ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄደህ ለዚያ ግቢ ስሪ ፌዝ ይገባል ወይ፣ መቼስ ይገባል ብለህ ጠይቅ። የማሽን ዋጋ አልጽፍልህም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ሆኖ የዛሬ ዋጋ ለሳምንት አይሆንም።

የበሬሳው ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ስሪ ፌዙ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር፣ ቅዳሜ ልከፍለው ተቀጣጥረን ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሽኑ ከኋላው የተለጠፈበት ላይ 220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 2.2 ኪሎዋት ይላል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሞተሩ እጅ አያስነካም፣ ይግላል። ጤነኛ ነው?

ሽቦ በሽቦ

ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ እዚህች ላይ ልግባ። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው፤ የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ከዱባይ ቢመጣ ኖሮ 50 ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ሽፋኑን ሳትፈታ ለማወቅ ድምፁን ስማው። እንደ ጁስ መፍጫ የሚጮህ ከሆነ ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ነው፤ ለእሱ 50ም 60ም አንድ ነው፣ ብሩሹ ሲያልቅ ትቀይርለታለህ። ከባድ ሆኖ ድምፁ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ኢንዳክሽን፣ ብሩሽ የሌለው ሞተር ነው። በኛ መብራት ከተሠራለት ፍጥነት ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል፣ ስለዚህ 7 ሊትር ያለህ 6 ሊትር አካባቢ ይሆናል። በዚያ ላይ ከልኩ በላይ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ብዙ ሲቆይ ጥቅሉ ይቃጠላል። ባለሙያ ጠርተህ የሚስበውን አምፔር በክላምፕ ሜትር አስለካው። ማሽኑ ላይ ከተጻፈው አምፔር በላይ ከሳበ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ አትጠብቅ፤ ጥቂት አሠርተህ የምታሳርፈው ይሁን፣ ወይ ሞተሩን ብቻ በ50 ኸርዝ ለውጥ።

ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ) ሳታስቀብር ደግሞ እርጥብ ወለል ላይ ቆመህ ያንን ሽጉጥ እንዳትይዝ። ቆጣሪው ጋ ብሬከር አለ ብለህ አትታለል፤ ተራ ብሬከር ሽቦን ነው የሚጠብቅ፣ ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ሻጩን "ሰው ሲይዘው የሚቆርጠውን፣ 30 ሚሊአምፔሩን ስጠኝ" በለው። ማራዘሚያ የምትጠቀም ከሆነ ወፍራም ሽቦ ይሁን፣ መጋጠሚያውም ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀል።

የበሬሳው ልጅ

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው ወንድሜ፣ ክብደቱም እንደ ጉድ ነው። አለቀልኝ በለኛ።

ሽቦ በሽቦ

ኧረ አላለቀልህም። ግማሽ ሰዓት መቻሉን አይተሃል፣ ቀንስለትና በየመሀሉ አሳርፈው። ለሥራ የምትገዛው ግን ሌላ ይሁን።

የሸዋ እናት

ልጄ፣ እኔ መኪና አላውቅም። ምንጣፍ ነው የማጥበው፣ እዚያው ደብረ ብርሃን። ያ ትንሹ ማሽንህ ለምንጣፍ ይበቃል፣ ውሃውም ከመኪና አያንስም አይበዛም። ለበዓል ሰሞን፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሰው ተሰልፎ ነው የሚያመጣ። ችግሩ ማጠቡ አይደለም፣ ማድረቁ ነው። የኛን ከተማ ጉም ታውቀዋለህ። ያልደረቀ ምንጣፍ ጠቅልለህ ከሰጠህ በሦስተኛው ቀን ሸትቶ ይመለስልሃል፣ ጀርባው ጆንያ ከሆነ ደግሞ ቡናማ ያወጣል። ወለል ላይ አታንጥፈው፣ ብረት ላይ አጋድመህ አንጠልጥለው። ውሃውን ራቅ አድርገህ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ልቀቀው። የመንዝ ባና ካመጡልህ ግን ማሽን እንዳታስነካው፤ ጎትቶ ይፈትለዋል። በእጅ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ማታ ማታ ውሃውን ከማሽኑ አራግፈህ እደር። ቧንቧውን ዝጋ፣ ሽጉጡን ጫን፣ ትንሽ አስነሥተህ አጥፋው። ውስጡ የቀረ ውሃ ሌሊት ከረጋ ፓምፑን ይሰነጥቀዋል።

ጋሽ ፖምፓ

እትዬ የተናገሩት የውርጩ ነገር እኛ ቃሊቲ የማናውቀው ነው፣ ያዘው። በምንጣፉም እስማማለሁ። አንተ ትንሹን ማሽን ይዘህ በምንጣፍ፣ በባጃጅና በግቢ እጥበት ጀምር፤ ስሪ ፌዙና ጉድጓዱ ሲያልቅ ወደ አይሱዙ ትገባለህ። የኛ ቤት ዋና ገቢ መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ሊሄድ ሲል ነው። ያኔ ሞተሩም ሻንሲውም መታጠብ አለበት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቅ። ኮፈኑን ከፍተህ ይብረድ፣ ዲናሞውንና ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልል፣ ሳሙናውን ቀብተህ ጠብቅ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ግፊት እጠብ። ራዲያተር ፊት ለፊት ከተጠጋህ እንደ ቅጠል የሳሱት ቆርቆሮዎቹ ይተኛሉ። ጎማ ላይም ከ30 ሳንቲሜትር አትቅረብ፣ ጎኑን ይጎዳዋል።

ሽጉጡ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን የኖዝሉን ቀለም ለሚያጥቡት ልጆች አስተምር። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፣ ውሃው ሳይበተን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቆዳ ይቀድዳል፤ እኔ ገና ስገዛ አውጥቼ ነው የምጥለው። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ነው። ለመኪና ቀለም ነጩ፣ ለሻንሲ አረንጓዴው። ግፊት ሲወርድብህ ፓምፑን ከማስፈታትህ በፊት ኖዝሉን ቀይረህ እየው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ነው አብዛኛውን ጊዜ። ኦሞ በመኪና ቀለም ላይ አይሄድም፣ ያደበዝዘዋል።

ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። እሱ ዘይት ያለው ሞተር የለው፣ የሞተር እጥበት ሒሳቡ እየቀረ ይሄዳል። ቻርጅ መሰኪያው ላይና ከሥር ባትሪው ላይ ግፊት አትልቀቅበት።

ሠራተኛ ስትይዝ በመኪና ቁጥር ድርሻ ክፈለው እንጂ ደመወዝ ብቻ አትስጠው፤ ሲያዘገይ ይውላል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ የደንበኛ ቁልፍ አይንካ። "ትንሽ ወደ ኋላ ላድርጋት" ተብሎ ስንት ፓራፋንጎ ከግድግዳ ጋር ተሳስሟል። መኪና ስትረከብ ደንበኛው ባለበት ዙሪያውን እይ፣ ጭረት ካለ አሳየው፣ ጋቢና ውስጥ ያለውን ዕቃ ይዞ እንዲሄድ ንገረው።

የበሬሳው ልጅ

ቅዳሜ የነበረውን ክፍያ ለሌላ ቀን አሸጋግሬዋለሁ፤ አከራዩ ትንሽ ተቆጣ፣ ግን እስከ ወር መጨረሻ ይጠብቀኛል። ነገ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ውሃና ፍሳሽም እሄዳለሁ። እትዬ፣ መጥቼ ማድረቂያውን ባይ ደስ ይለኛል፣ ከፈቀዱልኝ። ጋሼ፣ ሮቶው ጥቁሩ ነው ወይስ ነጩ የሚሻለው?

ጋሽ ፖምፓ

ጥቁሩ። ብርሃን የሚያስገባው ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል፣ እሱ ማጣሪያህን ይደፍነዋል። ወደ ማሽኑ የሚሄደውን መውጫ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ አስበሳው፣ ደለሉ ከታች ይቅር። ከወለሉ ጋር እኩል ደግሞ ሌላ ቧንቧ ይኑረው፣ በእሱ ደለሉን ታወጣለህ።