በ«ዲ ኢ» የሚጀምሩ ቃላት የሞሉበት ደብዳቤ መጣብኝ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሦስት ዓመት የኖርኩበትን አፓርታማ ለቅቄ ቁልፉን ኦክቶበር 11 አስረክቤ ነበር። ዛሬ ከድሮዎቹ አከራዮች ደብዳቤ ደረሰኝ። የኔ እንግሊዝኛ የማድቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ለሥራ ይበቃል፣ ለደብዳቤ አይበቃም። ከላይ ዲፖዚት 1,600 ዶላር ይላል። ቀጥሎ ዲዳክሽን፦ ምንጣፍ 700፣ ቀለም 550፣ ጽዳት 450። ከሥሩ ዲፊሸንሲ 100፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በ30 ቀን ካልተከፈለ ዲፎልት። የማላውቃቸውን በቢጫ ማርከር ባሰምር ሁሉም በዲ እና በኢ ይጀምራሉ። በነዚህ ሁለት ፊደሎች ከሚጀምሩት አጥርቼ የማውቀው ዲፖርት የሚለውን ብቻ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ እንቅልፍ አጣሁ። ኧረ ምንድን ነው የሚሉኝ?

ኤልዳ፦
እህቴ ተረጋጊ። በዲፖዚት ምክንያት ማንም ሰው ከአገር አይባረርም፤ ይሄ የገንዘብ ክርክር ነው። «ያስያዝሽውን 1,600 ወስደናል፣ አልበቃንም፣ 100 ጨምሪ» ነው የሚሉሽ። ዲዳክሽን የተቀነሰው፣ ዲፊሸንሲ የጎደለው፣ ዲፎልት ደግሞ ዕዳን በቀኑ ሳይከፍሉ መቅረት ነው።

ጋሽ ታክሲ፦
የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ 24 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ደለስ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ፣ ተራ እስኪደርሰኝ በደረሰኝ ጀርባ ቃል እየጻፍኩ ነው። ይቺ «ዲ ኢ» ከላቲን የመጣች ናት፤ ወደ ታች ወይም ወዲያ ማራቅን ታመለክታለች። ዲፖዚት ወደ ታች ያስቀመጡት፣ ዲዳክት ከላዩ መውሰድ፣ ዲፖርት ተሸክሞ ማራቅ። ዲፔንደንት ደግሞ ከሰው ላይ የተንጠለጠለ። ዲሲስድ ሲሉሽ እኛ ሞተ ላለማለት «ተለየ» እንደምንለው ነው። አንዲት ተሳፋሪ ባሌ ዲሲስድ ነው ብትለኝ ዲዚዝ ያለበት፣ የታመመ መስሎኝ «አይዞሽ፣ ቶሎ ይሻለዋል» አልኳት። ቤቷ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ዴድላይን፣ የጊዜ ገደብ የሚሉት፣ ግን ፊደሉ ቢመሳሰልም ዘሩ ሌላ ነው፤ እሱ ከሞት ጋር ነው የሚዛመደው።

ደግሞ ዲፖዚትን ቀብድ የምትሉ ተዉ። ቀብድ በኛ ሕግ ሰጪው ውሉን ከተወ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ዲፖዚት ያንቺው ገንዘብ ነው፤ አከራዩ ዘንድ ተቀምጦ ነው እንጂ።

ፓራሊጋሏ (የጠበቃ ረዳት)፦
ጋሼ የቃሉን ዘር ነገሩን፣ እኔ ሕጉን ልጨምር። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሜሪላንድ አከራይ ከዲፖዚት ላይ ሲቀንስ ዝርዝሩን ከነወጪው ቤቱ በተለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ በፖስታ መላክ አለበት። ካሳለፈ ለጉዳት ብሎ የመቀነስ መብቱን ያጣል። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘው ደግሞ ተከራይ እስከ ሦስት እጥፍ መክሰስ ይችላል። ሦስት ዓመት ሲረገጥ የሳሳ ምንጣፍ፣ የደበዘዘ ቀለም የኑሮ እርጅና ነው እንጂ ጉዳት አይባልም። ፖስታው ላይ ያለው ማህተም ቀኑ ስንት ነው? ፖስታውን እንዳትጥዪው!

ጋሽ ታክሲ፦
ቨርጂኒያም 45 ነው። ካሊፎርኒያ 21።

የደሴ ልጅ፦
ጋሼ «የተንጠለጠለ» ስትል አንጀቴን በላኸው። እናቴ ደሴ ናት። በየወሩ 250 ዶላር እልካለሁ፤ ባለፈው ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰ ተብሎ ሌላ 900 ወጣ። ስልክ ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ በልተሃል ወይ ነው፤ ዝናቡ ከጀርባዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ታክስ ሲሠራልኝ ግን ዲፔንደንት የሚለው፣ የምረዳው ሰው የሚጻፍበት ቦታ ዜሮ። ዘንድሮ እናቴን አስገባታለሁ፣ እሷ ያልተንጠለጠለች ማን ሊንጠለጠል ነው?

ሂሳብ ሠሪው፦
ወንድሜ አታድርገው። እናትህ ዜጋ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ካልሆነች፣ አለበለዚያ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ካልኖረች፣ ሙሉ ወጪዋን ብትችልም አትመዘገብልህም። የምትልከውም ብር ታክስ ሲሰላ ከገቢህ የሚቀነስ ዲዳክሽን አይሆንም፤ ለሰው የተሰጠ ስጦታ ነው። እግረ መንገዴን፣ ዲዳክቲብል የሚባለው የኢንሹራንሱ ሌላ ነው፦ መኪናህ ሲጋጭ መጀመሪያ ከኪስህ የምትከፍለው። ሁለቱን የሚያምታቱ ደንበኞች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል።

የዳላስ ወንድም፦
እኔ አባቴን ሁለት ዓመት አስገብቻለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም። እናንተ ሰው ማስፈራራት ትወዳላችሁ።

ሂሳብ ሠሪው፦
አልተጠየቅህም ማለት ትክክል ነህ ማለት አይደለም። ሲመጣብህ ከነወለዱ ከነቅጣቱ ነው። ቅጹ ላይ የፈረምከው ራስህ ነህ።

የዳላስ ወንድም፦
አሁን ሌባ ልትለኝ ነው? ሰው አባቱን በረዳ?

የደሴ ልጅ፦
ወንድም፣ ማንም ሌባ አላለህም። ግን እኔ ወረቀቴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲገኝ አልፈልግም። ተውኩት። ብቻ ሕጉ ሜክሲኮን አስገብቶ ደሴን ማስቀረቱ ይገርመኛል።

የዳላስ ወንድም፦
አየህ፣ አንተም ፈሪ ሆንክ። እዚህ አገር 20 ዓመት ታክስ ከፍዬ አባቴን መጻፍ ካልቻልኩ ምኑ ላይ ነው ጥቅሙ?

ጋሽ ታክሲ፦
ልጆች፣ ሴትዮዋ ስለ ምንጣፍ ነበር የጠየቀችው።

የዳላስ ወንድም፦
እርስዎ ደግሞ ላቲንዎን ይጻፉ ጋሼ፣ የኛን ነገር ለኛ ይተዉት።

ኤልዳ፦
ለጋሼ እንደዚህ አይባልም። ይቅርታ ጠይቅ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አሁን ነው ያነበብኩት። ፖስታውን ከቆሻሻ መጣያ አወጣሁት፤ ዳር ዳሩን ቡና ነክቶታል እንጂ ማህተሙ ይነበባል። አሁንም «ዲ ኢ» ብሎ ሲጀምር ልቤ ዝቅ አለ፤ ዲ፣ ኢ፣ ሲ፣ ከዚያ 4። ልጄ ከኋላዬ መጥታ አየችውና «እማ፣ ወር ነው እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።