የኋላ ጎማዬ ይዋዥቃል፣ ካቴናውም ይንኳኳል፦ ሙሉውን ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ልመርምር?

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። የግብርና ባለሙያ ነኝ። በ125 ሲሲ ሞተር ሳይክል በጠጠርና በጭቃ መንገድ በየቀኑ ወደ ቀበሌዎች እመላለሳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የኋላው ጎማ ተነፈሰና መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ፈትቶ፣ ካላማዳሪውን ለጥፎ ገጠመልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩ እንደ በፊቱ አልሆነም። ነዳጅ ስሰጥ ከኋላ «ቋ» ይላል፤ በቀስታ ስሄድ ደግሞ «ጭቅ... ጭቅ» የሚል ድምፅ ይከተለኛል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስደርስ የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ይዋዥቃል። ካቴናውን ሁለት ጊዜ አስጠብቄዋለሁ፤ በአራት በአምስት ቀን ተመልሶ ይላላል።

አንድ መካኒክ «ካቴናውንም ሁለቱንም ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸውን ባለ ጥርስ ክቦች) ቀይር» አለኝ። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም። ቀይሬ መዋዠቁ ባይጠፋስ? ቁልፎች፣ ካቻቪቴና የብረት ማስመሪያ አሉኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ መካኒክ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። ችግሩ የጀመረው ጎማው ከተፈታ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ያኔ የተነካው ነገር ሁሉ ነው።

ከድምፁ እንጀምር። ሞተሩን አጥፋ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ በመሐል መቆሚያው አቁመህ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሳው። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና በእጅህ ቀስ ብለህ እያዞርህ ድምፁን ቁጠር። ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ከተሰማ ጥፋቱ ያለው በጎማው፣ በፍሬን ሸራው ወይም በኋላው ጥርስ ዘንድ ነው። በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያህል ከተሰማ የፊቱን ትንሽ ጥርስ ጠርጥር። ጎማው ሦስት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን ካቴናው ራሱ ነው። ለምሳሌ የኋላው ጥርስ 42፣ የፊቱ 14፣ የካቴናው መጋጠሚያ 118 ቢሆን፣ ካቴናው ዙሩን የሚጨርሰው ጎማው 2.8 ጊዜ ሲዞር ነው። የአንተን ጥርሶች ቆጥረህ በዚያው መንገድ አስላው።

አደራ፣ ሞተሩን አስነስተህ በማርሽ እያዞርህ ካቴናውን አትንካ፣ አትጥረግም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሁለት ጣቶቹን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ፣ የጤና ባለሙያ ከጅማ

እኔም በገጠር መንገድ ሞተር እነዳለሁ። ካቴናው የሚላላው በአንድ ቦታ ነው ወይስ በሁሉም? ከታች በኩል መሐሉን በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀስህ በማስመሪያ ለካው፤ ከዚያ ጎማውን ጥቂት አዙረህ ድገመው፣ ቢያንስ አራት ቦታ። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ወይም በኋላው ክንድ (የኋላውን ጎማ በያዘው ብረት) ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል። አንዱ ቦታ ጠብቆ ሌላው ከላላ ካቴናው እኩል አልተበላም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በላላው ቦታ ለክተህ ካጠበቅኸው ሌላው ቦታ ከመጠን በላይ ይወጠራል።

ጭነት ትጭናለህ? ባዶውን ሞተር ላይ ካቴናውን ድርቅ አድርገህ ካስጠበቅህ፣ ማዳበሪያ ስትጭንበትና የሞተሩ ኋላ ዝቅ ሲል ይብሱን ይወጠራል። ያኔ የፊቱን ጥርስ የያዘውን ኩሽኔታ፣ ማለትም ቤሪንጉን፣ እና የዘይት ማገጃውን ይጎዳል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሞከርሁት። ጥርሶቹም መጋጠሚያዎቹም እርስዎ እንዳሉት 14፣ 42 እና 118 ናቸው። «ጭቅ» የሚለው ጎማው ሦስት ዙር ሊሞላ ሲል አንድ ጊዜ ነው። ምልክት አድርጌ ስፈልገው አንዱ መጋጠሚያ ዝጎ አልታጠፍ ብሏል። ልቀቱ (የካቴናው መላላት) በአንድ ቦታ 15፣ በሌላው 45 ሚሊ ሜትር ሆነ። በግራና በቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶችም እኩል አይደሉም፤ ግራው ሦስተኛው ጭረት ላይ፣ ቀኙ አምስተኛው ላይ ነው። ጭነትም እጭናለሁ።

መልስ፣ ከድሬዳዋ፣ 30 ዓመት በሙያው

ልጄ፣ ካቴናው ላይ 428 የሚል ቁጥር ካለ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወጠር አድርገህ 21 ፒን ቁጠር፤ በመካከላቸው 20 ክፍተት አለ። አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ካለፈ ዘመኑ አልቋል። በኋላው ጥርስ ጀርባ ካቴናውን ወደ ኋላ ጎትተው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ ያው ነው። ጥርሶቹ ወደ አንድ ወገን እንደ መንጠቆ ከተቆለመሙ በአዲስ ካቴና አታስታርቃቸውም። አሮጌ ጥርስ አዲሱን ካቴና በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። ስለዚህ መካኒኩ በዚህ ላይ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል።

መዋዠቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ጎማው ብቻ ከተላወሰ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ክንዱም አብሮ ከተላወሰ የክንዱ ቡሽ (መታጠፊያው ላይ ያለው ቀለበት) ነው። የኋላው ጥርስ ብቻውን ከተወዛወዘ ከጥርሱ ሥር ሌላ ኩሽኔታ አለ፤ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውስጥ ደግሞ ጎሚኒዎች (ድንጋጤ የሚያለዝቡ ላስቲኮች) አሉ። ነዳጅ ስትሰጥ «ቋ» የሚለው ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ጎሚኒዎች ማለቅ ነው።

የፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ ስታጠብቅ ጎማው መዞር ከከበደው፣ ሁለቱን ኩሽኔታዎች የሚያራርቀው የብረት ቱቦ ጠፍቷል ወይም አጥሯል። ያለ እሱ ዳዶው ኩሽኔታውን ራሱን ይጨፈልቀዋል።

አንድ ነገር አሁኑኑ እይልኝ። የፍሬኑን ሰሌዳ ከክንዱ ጋር የሚያያይዝ ብረት አለ። ጎማ ሲፈታ እሱም ይፈታል፤ ሳይታሰርም ይረሳል። ከወለቀ ፍሬን ስትይዝ ሰሌዳው አብሮ ይዞርና ጎማው ይቆለፋል። ብሎኑ ጠብቆ፣ የሽቦ ፒኑ በቦታው መኖሩን ሳታይ ከቤት አትውጣ።

ጠያቂው

አባቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ፒኑ የለም! የፍሬኑ ብረት ዳዶ በጣቴ ይዞራል። ሞተሩን አቁሜዋለሁ። 20 ክፍተት ስለካ 262 ሆነ። ጎማው ይላወሳል፤ ክንዱ አይነቃነቅም።

መልስ፣ የሐዋሳው መካኒክ

እንግዲያው ካቴናውም ኩሽኔታውም አልቀዋል። ስትገጥም በጭረቶቹ ብቻ አትተማመን፤ ከክንዱ መታጠፊያ ብሎን መሐል እስከ ፔርኖው መሐል ያለውን ርቀት በሲባጎ ለክተህ ሁለቱን ወገን እኩል አድርግ። የካቴናው ማያያዣ ክሊፕ ካለው ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር።

መልስ፣ የጤና ባለሙያዋ

ስለ ቅባቱ፣ ብዙዎች ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት ይቀባሉ። እኔም ቀብቼ ነበር፤ አሸዋና አቧራ ይዞ ካቴናዬን እንደ ሞረድ በላው። አሁን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በስሱ እቀባለሁ። ትርፉን በጨርቅ እጠርጋለሁ። በክረምት ጭቃ ከሆነ በየሁለት ሦስት ቀኑ።

ጠያቂው፣ ከስድስት ቀን በኋላ

ተፈታ። የግራው ኩሽኔታ ጥይቶቹ (የውስጥ ብረት ኳሶቹ) ረግፈው ነበር፤ የአቧራ ማገጃው ጎማም አልነበረም። የብረት ቱቦው በቦታው ነው። ጎሚኒዎቹ ተበልተው ነበር፤ የፊቱም ጥርስ እንደ መንጠቆ ሆኗል። ኩሽኔታዎቹን፣ ጎሚኒዎቹን፣ ካቴናውን ከነ ሁለቱ ጥርሶች ቀየርሁ፤ ለፍሬኑ ብረትም አዲስ ፒን ገባ። ትናንት በ60 ሄድሁበት፤ አይዋዥቅም፣ «ቋ»ም ጠፍቷል። ልቀቱ በአራቱም ቦታ 25 ነው።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

ደስ ብሎኛል ልጄ። አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላልና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ እንደገና ለካው። የፔርኖውንም ዳዶ ያኔ ሞክረው።