«ጥቅምት 78» የሚለው ካሴት ለምን ቀለም አጣ?

ጥያቄ፦ የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ከነበረው ቤታችን ዕቃ ስናወጣ፣ ከእናቴ ሣጥን ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት አገኘን። በእጅ ጽሑፏ «የልጆች ጊዜ፣ ጥቅምት 78» ይላል። ታላቅ ወንድሜ በአምስት ዓመቱ አባባ ተስፋዬ ፊት ቀርቦ ግጥም ያለበት ዕለት እንደሆነና ዴክ የነበረው ዘመድ እንደቀዳላት ትናገራለች። ከአሜሪካ በመጣ ዴክ ስናጫውተው ግን ምስሉ ቀለም የለውም፣ ይንሸራተታል፤ የልጁም ድምፅ ቀጥኖ ይቸኩላል። ወንድሜ «በ78 ቴሌቪዥን ባለቀለም ነበር፤ ስለዚህ ይህ ከእኔ በፊት የቀረበ ሌላ ልጅ ነው» ብሎ እናቴን አስቀየማት። ማን ነው ትክክል? ካሴቱንስ ሳናበላሽ እንዴት ወደ ፍላሽ እናዛውረው?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ወንድምህ በታሪኩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በድምዳሜው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭት ሲጀምር በጥቁርና ነጭ ነበር፤ የቀለም ሥርጭት የመጣው ከኢሠፓ ምሥረታና ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጋር ተያይዞ፣ በ1976 መጨረሻና በ1977 መባቻ ላይ ነው። አባባ ተስፋዬም ዘመኑን አይለዩልህም፤ ከ1957 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሰላምታ ሲሰጡ እናቲቱም ልጇም አይተዋቸዋል። በነገራችን ላይ፣ ከዚያ በፊት በቴአትር መድረክ ሴት ተዋናይ ሲጠፋ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት እኚሁ ሰው መሆናቸውን ለዛሬ ልጆች ስነግር አያምኑኝም።

እኛ ቤት ቀለሙ ከመጣ በኋላም ለዓመታት ግራጫ ነበር የምናየው፤ ቴሌቪዥናችን በዳንቴል የተሸፈነ ጥቁርና ነጭ ነበርና። የሠፈሩ ልጆች ጫማቸውን ደጃፍ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ፣ አንዱ ደግሞ ጣሪያ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» እያለ አንቴና ያዞራል። ስለዚህ ሰው «ያኔ ባለቀለም ነበር» ወይም «አልነበረም» ሲል በቅድሚያ የየትኛውን ቤት ቴሌቪዥን እያስታወሰ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ዴክ ጠጋኝ፣ ራስ መኮንን ድልድይ

ቁልፉ ያለው «ድምፁ ይቸኩላል» ባሉት ላይ ነው። የያኔው ሥርጭታችን ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሲስተም በሰከንድ 25 ምስል ነበር፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 30 ገደማ ስለሆነ፣ ዴኩ ቁጥሩን ለማሟላት ቴፑን ከሚገባው በላይ አፍጥኖ ይጎትተዋል፤ የቀለሙንም ምልክት ስለማያነበው ግራጫ አድርጎ ያወጣዋል። ካሴቱ ላይ ቀለም የለም ማለት አይቻልም። ያንን ዴክ ይመልሱና ፓል ወይም መልቲ ሲስተም፣ ማለትም ሁለቱንም የሚያነብ፣ ይፈልጉ።

ከዚያ በፊት ግን ካሴቱን በመስኮቱ በኩል በብርሃን ይመልከቱት። በተጠቀለለው ቴፕ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና አያጫውቱት፤ የዴኩንም ራስ ያበላሻል፣ ወደ ሌላ ካሴትም ይጋባል። ንጹሕ ከሆነ ከጀርባው በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ይስበሩ፤ ያኔ በስሕተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት፣ ከዚያ በካፕቸር ካርድ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ሳያቋርጡ ያጫውቱት። ለቀጂ የሚሰጡም ከሆነ ቁጭ ብለው ያስቀዱ፤ አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ሰጥቶ የሰው ሠርግ ተቀብሎ ተመልሷል።

መልስ፦ የአራት ኪሎዋ

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዓይነት ካሴት፣ ቪኤችኤስ ማለት ነው፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ 1969 ነው። ስለዚህ የሌላ ልጅ ነው ቢባል እንኳ ከዚያ ወዲህ ያለ ልጅ ነው። ደግሞም እናት በእጇ የጻፈችውን ቀን ለመሻር ከግራጫ ምስል የጠነከረ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመልቲ ሲስተም ዴክ ዛሬ አየነው፤ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቢሆንም አለ፣ ድምፁም ተስተካክሏል። ልጁ የለበሰው እናቴ ራሷ የሠራችው ቢጫ ሹራብ ነው፣ አንገቱ ላይ የጎደለችው ቁልፍ ሳትቀር ትታያለች። ወንድሜ አሁን የሚከራከረው ግጥሙን መሐል ላይ የረሳው እሱ ሳይሆን የቀዳው ሰው ቆርጦበት እንደሆነ ነው።